ከጥጥ ጋር የመጣችው

ዓመቱ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሃያ ሁለት የምለው እናቴ እንደነገረችኝ ነው። እሷ አንድ ቀን ሃያ ሁለት፣ አንድ ቀን ሃያ አራት ትለኝ ስለነበር የሚመቸኝን ይዣለሁ። አቃቂ ከነበሩት የክር ፋብሪካዎች ባንዱ፣ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። ጠዋት ፊሽካው ሲጮህ ከበሰቃ በኩል፣ ከባቡር ጣቢያው በኩል፣ ከወንዙ ማዶ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይወርዳል። ወንዱ ካኪ ሱሪ ለብሶ በረባሶ ተጫምቶ፤ ሴቶቹ ሻሽ አስረው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው። በሩ ላይ አንዲት ሴት ፓስቲ ትጠብሳለች፤ ባምስት ሳንቲም አንድ፣ ትኩስ፣ ዘይቱ ጣት ላይ የሚቀር። ሻይ በአሥር ሳንቲም። ስሙኒ የያዘ ሰው ቁርሱን በልቶ ጓደኛውን ይጋብዛል። ዛሬ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከልጄ ጋር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ከዚህ እስከ ድሮው ፋብሪካ በር በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ ግን አልሄድም። ምን አለና።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ከብሎካችን ጀርባ ካለው ቦይ እባብ ወጣ ተብሎ ጩኸት ስለሰማሁ ነው። ደረጃውን በዱላዬ ወርጄ እስክደርስ ጥበቃው የእባቡን ራስ በድንጋይ ቀጥቅጦ ጨርሷል። ሰው ከቦ ስልኩን ደቅኖ ያነሳል። ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ሣር የሚመስል፣ ከእንቁራሪት በቀር የሚነካው የሌለ እባብ ነው። "ምን አደረጋችሁ?" አልኩ። "አባባ፣ እባብ እኮ ነው" አለኝ አንዱ ጎረምሳ። "እባብ መሆኑንማ አያለሁ፤ ምን አደረጋችሁ ነው የምለው።" ሳቁ። ጥበቃው ሰው አክባሪ ነው፤ እሱ እንኳ "አባቴ፣ የእባብ ልጅ እባብ ነው። እርስዎ ቤት ቢገባስ?" አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ! ቤት ወጣሁና ልጄን ወረቀት አምጪልኝ አልኳት። "ምን ሊጽፉ ነው አባዬ?" "የጋሼ ደበሌን ነገር።" "ማናቸው እሳቸው?" አለችኝ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለልጄ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ጥጡ የሚመጣው ከቆላ ነው፣ ከአዋሽ ወዲያ፣ በባቡር። ጆንያ ለብሶ፣ በብረት ሽቦ ታስሮ፣ አንዱ እስር አራት ሰው የሚያስቃትት። እዚያ ሳይጫን በፊት ሜዳ ላይ ተቆልሎ ያድራል። እባቡም ገበሎውም ማደሪያ ሲፈልግ ጆንያው ሥር፣ በእስርና በእስር መካከል ይገባል። ጠዋት ሠራተኛው አንስቶ ፉርጎ ላይ ይጭነዋል። እንግዲህ አንድ ፍጥረት ማታ አገሩ ተኝቶ አቃቂ ላይ ይነቃል ማለት ነው። እኛ መጋዘን ውስጥ ሽቦውን ስንቆርጥ ሸርተት ብሎ ይወጣል። በፊት በፊት እንደወጣ አካፋውንም መጥረጊያውንም ይዘን እንረባረብበት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ገመድ ሲጎተት ካየ የሚዘል ሰው ነበረን። ጋሼ ደበሌ መጋዘናችን ከገቡ በኋላ ግን መግደል ቀረ።

ጋሼ ደበሌ ጥጥ ፈቺ ነበሩ። ከዚያው ከጥጡ አገር የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት የሚታይ። ያን ጊዜ ሃምሳ ቢሆናቸው ነው፤ ለእኔ ግን ሽማግሌ ነበሩ። አሁን በዕድሜ በሠላሳ ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ ቢሆንም አንተ ልላቸው አልችልም። ሽቦ ከመቁረጣቸው በፊት እስሩን በዱላ መታ መታ አድርገው ይጠብቃሉ። ሥራ ይቆማል፣ የሥራ አለቃችን ካቦው ይጮሃል፣ እሳቸው አይሰሙም። የሚወጣ ካለ በባላ እንጨት አንገቱን ለስለስ አድርገው ይይዙና አሮጌ አገልግላቸው ውስጥ ይከቱታል። አዎ፣ የመንገድ ምግብ የሚያዝበት አገልግል፤ ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ ማንገቻው በሽቦ የተጠገነ። ውስጡ ጥጥ አንጥፈውበታል። ከዚያ ወስደው ቦይለር ክፍል፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ግድግዳው ለብ የሚልበት ጥግ ያስቀምጡታል። "የቆላ ሰው ደጋ ላይ ሲበርደው ጋቢ ስጡኝ ይላል። ይሄ አፍ የለውም" ይላሉ። አንድ ጊዜ ኤሊ መጥታ ሁለት ሳምንት እዚያ ጎመን ስትበላ ሰነበተች። የቦይለር ሰዎች እመቤት ብለው ስም አወጡላት። ስትሄድ ያለቀሰ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ልጆቹ አሉ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ይለቀቃል። ጋሼ ደበሌ አገልግሉን አንግተው ባቡር ጣቢያ ይወርዳሉ፣ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ትኬት ቆራጩ አይጠይቃቸውም፤ ፉርጎው ውስጥ የገባ እባብ አውጥተውለት ያውቃሉ። ገንዘብ ያለው ሰው በፈጣኑ ሊቶሪና ይሄዳል፤ እኛ በሦስተኛ ማዕረግ፣ በእንጨት ወንበር፣ ዶሮና ሽንኩርት መካከል። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። አጠገባችን አንድ ወፍራም ነጋዴ ተቀምጦ አገልግሉን ደጋግሞ ያያል።

"ጋሼ፣ ምሳው መቼ ነው የሚከፈተው?" አለ።

"ምሳ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"እንግዳ ነው። አገሩ ልመልሰው ነው።"

"እንግዳ አገልግል ውስጥ! በሉ እንግዲህ ያስተዋውቁን" ብሎ እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ።

"ልክፈትልህ?" አሉት።

ከፈቱለት። ሞጆ ሳንደርስ ነጋዴው ሌላ ፉርጎ ውስጥ ነበር፤ ሽንኩርቱን ጥሎ። ጋሼ ደበሌ ፍንጭታቸውን እያሳዩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ ያን ጊዜም ነበር። ሁላችንም ያስለን ነበር፤ የጥጥ ብናኝ ነው፣ ከምራቃችን ጋር እንደ ክር ይወጣል።

ያን ቀን ነው ለምን እንደሚደክሙ የጠየቅኋቸው። "እሱ አልመጣም" አሉኝ። "ተኝቶ ሳለ አንስተን አመጣነው። ያመጣ ይመልሳል። ሌላ ነገር የለውም።" በመስኮቱ እያዩ "የእኔም አገር ጥጥ ሆነ። ድሮ ግመል የምናሰማራበት ነበር። እኔን የሚመልሰኝ የለም" አሉ። ቆላ ደርሰን ወረድንና ከጣቢያው በስተግራ ብዙ ሄድን። ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ በጫማ ሶል ይገባል። ክዳኑን ከፍተው አገልግሉን አጋደሙት። እባቡ ምላሱን አወጣ፣ አገሩን አሸተተ፣ ሄደ። ጋሼ ደበሌ ቆመው እስኪጠፋ አዩት። የሰው ፊት እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ልጄ ስትወለድ፣ የገዛ ፊቴን በመስታወት ነው።

ኅዳር ገባ። የኅዳር አቃቂ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል። አንድ ረቡዕ ከእስር ሥር አንዲት አጭር፣ ወፍራም፣ አሸዋ የመሰለች፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባት እባብ ወጣች። አልሮጠችም፤ ከብዷት ነበር። ጋሼ ደበሌ በእጃቸው ነው ያነሷት። "መርዝ የላትም። እርጉዝ ናት" አሉ። ካቦው "አዋላጅም ሆኑ?" አላቸው፣ መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም። "ይቺ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች። ቅዳሜ መድረስ አለባት" አሉ።

ዓርብ ጋሼ ደበሌ ሥራ አልገቡም። ከሥራ ስወጣ ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ሰው ልከውብኝ ቤታቸው ሄድኩ። ከወንዙ በላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት። አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ትራስ ተደግፈዋል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

"በላቸው፣ ነገ አንተ ውሰዳት" አሉኝ ስሜን ጠርተው።

"እኔ ጋሼ?"

"አንተ። ቦታውን አይተሃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልቀቃት። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ። ከወለደች አንዱን ስንይዝ አንዱ ይጠፋብናል፤ አሁን ነው።"

"እሺ።"

"እሺ ብለሃል ማለት ነው?"

"እሺ አልኩ እኮ ጋሼ።"

እዚህ ላይ ስለ ዘነበች መናገር አለብኝ። ክር ጠምጣሚ ነበረች፣ ጠይም፣ ጉንጯ ላይ ጥጥ የሚቀርባት። ሦስት ወር ሙሉ ሰላም ስላት "እግዜር ይመስገን" ብላኝ ትሄድ ነበር፣ ሌላ ቃል የለም። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ግን ፓስቲ ሻጯ ጋ ቆማ፣ ወደ እኔ ሳትዞር "ቅዳሜ ከሰዓት ሳሪስ አቦን ልሳለም እሄዳለሁ። መንገዱ ብቻ ያስፈራል" አለች። ያ ለእኔ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ካለው የስልጤው ባለ ሱቅ ነጭ ናይለን ሸሚዝ ገዛሁ። ሰውዬው ባንኮኒው ላይ ራዲዮ ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ለመንገደኛ ሁሉ ይለቅቀዋል። "ሸሚዙን ለብሰህ ዝናብ እንዳያገኝህ፤ ሰውነትህን ሁሉ ያሳያል" ብሎ ቀለደብኝ። ኅዳር ነው፣ የምን ዝናብ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን አገልግሉን ከቦይለር ክፍል አንግቼ ወጣሁ። ከበደችኝ። ጣቢያው በቀኝ ነው፣ ወንዙ በግራ። መንታው ላይ ቆምኩ። ብሄድ የምመለሰው እሑድ ማታ ነው፤ ዘነበች ደግሞ ሁለተኛ አትናገርም፣ እንደዚያ ዓይነት ሴት አይደለችም። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፣ ላቤ ይንጠባጠባል። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ውኃ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ሣር አለ፣ አይጥ እንደልብ ነው። እባብ ከዚህ ሌላ ምን አገር አለው? ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድን እንደ ብርድ አይቆጥረውም። ከቦይለሩ ጋ ለምን እንደሚያስቀምጧት በዓይኔ እያየሁ አልገባኝም፤ ገብቶኝም ከሆነ ያን ዕለት እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

ወደ ግራ ታጠፍኩ። ከድልድዩ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ሴቶች ልብስ የሚያሰጡበት። አጠገቡ አገልግሉን አጋደምኩ። ብዙ ቆየች። ምላሷን አወጣች፣ መለሰች፣ እንደገና አወጣች። በእግሬ ገፋ አደረግኋት። ድንጋዩ ሥር ገባች። ባዶውን አገልግል ቤቴ አስቀምጬ ሸሚዜን ቀይሬ ሮጥኩ።

ከዘነበች ጋር ሳሪስ ድረስ በእግራችን ሄድን። መንገዱ ዳር ያኔ እርሻ ነበር፣ ጤፉ ታጭዶ ክምር ክምር ሆኖ። ሸንኮራ ገዛሁላት፣ በጥርሷ እየላጠች ለእኔም አካፈለችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሳልማ ስትመለስ ግንባሯ ላይ አቧራ ነበረ፤ "ጥረግልኝ" አለችኝ። ያን ቀን የመሰለ ቀን በዕድሜዬ አላየሁም። ይህንንም ልጽፈው ይገባል፣ እውነት ነውና።

እሑድ ማታ፣ ባቡሩ መግባቱን በፉጨቱ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ከባቡር እንደወረደ ሰው ጫማዬን አቧራ አልብሼ ጋሼ ደበሌ ቤት ገባሁ። አገልግሉን ለእትዬ ጫልቱ ሰጠሁ።

"አደረስካት?" አሉኝ።

"አድርሻለሁ።"

"ድንጋዩ ሞቆ ነበር?"

"ሞቆ ነበር ጋሼ። ብቆምበት እግሬን አቃጠለኝ።"

"ወዲያው ሄደች?"

"ወዲያው። እንደ ቀስት።"

"ኤዬ" አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ጫልቱ፣ ሰማሽ? ሰው አግኝቻለሁ። እኔ ባልኖር የሚመልሳቸው ሰው አግኝቻለሁ።" እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። እጃቸው በትኩሳት ይፋጅ ነበር።

ሰኞ ሌሊት ውርጩ በረታ፣ ማክሰኞ ባሰ። ጠዋት የመጋዘኑን ቁልፍ መያዝ አይቻልም፣ ጣት ይጣበቅበታል። ረቡዕ ሌሊት ሁለት ነጠላ ደርቤ እንኳ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው ብርድ ምን እንደሆነ የገባኝ። ሐሙስ ጠዋት ከፊሽካው በፊት ወደ ድንጋዩ ወረድኩ።

ድንጋዩ ሥር ተጠምጥማ ነበር። በክቡ መሐል ልጆቿ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠኑ፣ እያንዳንዳቸው የእናታቸው ነጠብጣብ ያለባቸው። እነሱን ከብባ ነው የደረቀችው። አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ብብቴ ሥር አደረግኋቸው፣ በትንፋሼ አሞቅኋቸው፣ ፊሽካው ጮኾ ፀጥ እስኪል። አንድም አልተነሳ። መልሼ እናታቸው ጋ አስተኛኋቸውና ወፍ እንዳይደርስባቸው ቀዳዳውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠምኩት።

ያን ዕለት ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ጋሼ ደበሌ ቤት ሄድኩ። እትዬ ጫልቱ በርጩማ ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም።

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ።"

"ምኑን?"

"አልሄድኩም። ወንዙ ዳር ነው የለቀቅኋት።"

"የቱ ወንዝ?"

"የእኛው።"

"በዚህ ውርጭ?"

"ቀን ነበር ጋሼ። ፀሐይ ነበር።"

ትራሳቸው ላይ ቀና ለማለት ሞከሩ፣ አልቻሉም። "ወልዳለች?" አሉኝ።

"ወልዳለች።"

"ስንት?"

"አሥራ አንድ።"

"አሙቀህ አየሃቸው?"

"አሙቄ አየኋቸው። አልተነሱም።"

ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። "መዋሸትህን ልተወው" አሉ። "ልጅ ነህ፣ ይሆናል። ግን ድንጋዩ ሞቆ ነበር ስትለኝ እኔም ሞቆኝ ነበር። አራት ሌሊት በሱ ተኛሁ። አሁን እሱንም ወሰድክብኝ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጋዜጣው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጥር ኖረዋል። በየቀኑ ማለት ይቻላል እሄድ ነበር፤ ውኃ ቀዳሁላቸው፣ እንጨት ፈለጥኩላቸው። ስለ ሥራ ይጠይቁኛል፣ ስለ ካቦው ይስቃሉ። ስለ እሷ ግን አንድም ቀን አላነሱም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ምን ብዬ። ወደ ቆላ የሚወስዳቸው ዘመድ ሳይመጣ ሞቱ፣ አቃቂ ተቀበሩ። ዘነበች ሌላ ሰው አገባች፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። ሰዎች ጊዜ ያስረሳል ይላሉ። ማን እንደሚያስረሳው አላውቅም፤ እኔን ስድሳ ዓመት አላስረሳኝም።

ልመለስና፣ ያን ውሸቴን የነገርኳቸው ሐሙስ ማታ ስወጣ እትዬ ጫልቱ ደጅ ድረስ ተከተሉኝ። አገልግሉን ይዘዋል።

"እኔ እባብ እፈራለሁ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከሱ ጋር ሃያ ዓመት ስኖር ፈርቼ ነው የኖርኩት። ግን ሰው በሰው አገር ሲሞት ሬሳው አገሩ ይገባል። ለነሱስ ማን ከለከለ?"

"ጋሼ ነው ያሉት?"

"እሱ ምንም አላለም። እኔ ነኝ የምልህ። ያዝ።"

በማግስቱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሣሩ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሷል። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አንስቼ አሥራ ሁለቱንም አገልግሉ ውስጥ፣ ጥጡ ላይ ደረደርኳቸው፣ ልጆቹን ከእናታቸው ጎን። ክዳኑን ገጥሜ ወጣሁ። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ፊሽካው ጮኸ። ካቦው ወደ ሥራ ሲወርድ አየኝ።

"አንተ በላቸው! አልሰማህም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ወዴት ነው?"

"ቀብር አለብኝ።"

"ማን ሞተብህ?"

"አያውቋቸውም።"

"ነገ ስትመጣ በሩ አይከፈትልህም፣ ነግሬሃለሁ!" አለኝ።

ባቡሩ ገባ። ተሳፈርኩ፤ አገልግሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ፀሐይ በመስኮቱ በሚገባበት በኩል ተቀመጥኩ።